ዳንቴል የለበሱ ኮምፒውተሮች

አቶ ዋቅሹማ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲገቡ ከራሳቸው ቀድሞ የሚደርሰው የቁልፋቸው ድምፅ ነበር። ቁልፎቹን በጫማ ማሰሪያ ሸብ አድርገው በቀበቷቸው ላይ ያንጠለጥሏቸዋል። የቤተ መጻሕፍቱ፣ የቤተ ሙከራው፣ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው፣ የማይክሮፎኑ ሣጥን ቁልፍ ሳይቀር እዚያ ነው ያለው። ተማሪዎቹ ያንን ሽክሽክታ ሲሰሙ «ከርቸሌው መጣ» እየተባባሉ ይበተኑ ነበር።

እሳቸው አሶሳ ከተማ ጫፍ ላይ ያለው የማንጎ ሰፈር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። ሰው ስለ እሳቸው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመልሰው «አይሰርቁም» ብሎ ነው። እውነት ነው፣ አይሰርቁም። በእሳቸው ዘመን ከትምህርት ቤቱ አንድም ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም። አንድም ዕቃ ጥቅም ላይ ውሎም አያውቅም። እኛ ጎረቤቶቻቸው ሁለቱን ነገር ለይተን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል።

የተወለዱት ባምባሲ አካባቢ፣ ከወለጋ መጥተው ከሰፈሩ ቤተሰቦች ነው። በመምህርነት መጀመሪያ የተመደቡት ካማሺ ነበር፤ የሚያስተምሩት ጂኦግራፊ። ያ ትምህርት ቤት አንዲት የአፍሪካ ካርታ ነበረችው። ጥሩ ካርታ ናት፣ ወንዙ በሰማያዊ፣ በረሃው በቢጫ። ወጣቱ መምህር ካርታዋን ሲረከቡ ደነገጡ። ብትቀደድስ? የተማሪ እጅ ቢያርፍባትስ? በፕላስቲክ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባት። ክፍል ውስጥ አፍሪካን በጠመኔ ይስሉ ጀመር። የሚስሏት አፍሪካ አንዳንድ ቀን ድንች ትመስላለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የታመመ በሬ ጭንቅላት። ማዳጋስካር ሰሌዳው ሲጠባት ጭራሽ ሳትሳል የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከካማሺ ሲዛወሩ ካርታዋን እንደ ተጠቀለለች አስረከቡ። የተረከባቸው ሰው ገልጦ አያትና «ውይ፣ አዲስ ናት እኮ!» አለ። አቶ ዋቅሹማ በሕይወታቸው ከሰሙት ምስጋና ሁሉ ይህን ያህል የጣማቸው የለም ይባላል። ከዚያ ወዲያ የኖሩት ያንን ቃል ደግሞ ለመስማት ነው።

ርዕሰ መምህር ሆነው አሶሳ ከመጡ በኋላ ሌላ ካርታ መጣላቸው። ሸርቆሌ ለስደተኞች ይሠራ የነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ አንድ ሙሉ ክፍል የሚሞሉ ኮምፒውተሮች ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ተማሪው በጭብጨባ ተቀበለው። አቶ ዋቅሹማ ደረጃው ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «ትምህርት ቤታችን ከዓለም ጋር ተቀላቅሏል!» ካርቶኖቹ ወደ ክፍሉ ገቡ። ንግግሩም አለቀ። በሩም ተቆለፈ።

ክፍሉ ከግቢው ሁሉ የተለየ ክፍል ሆነ። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፈነ። በሩ ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። አቧራ ለኮምፒውተር ጠላት ነው ተብሎ መጥረጊያ እንዳይገባ፣ እርጥበት ጠላት ነው ተብሎ መወልወያ እንዳይገባ፣ ሙቀት ጠላት ነው ተብሎ ሰው እንዳይገባ ተከለከለ።

ያም አልበቃቸውም። የአቶ ዋቅሹማ ባለቤት ወይዘሮ ሰንበቴ ዳንቴል ሲሠሩ በሰፈሩ አቻ የላቸውም። ቤታቸው ገብቶ ያየ ያውቃል። ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ የሶፋው ክንድ፣ የውሃ ማጣሪያው ሳይቀር ዳንቴል ለብሷል። አቶ ዋቅሹማ ለኮምፒውተሮቹ ልክ አስወስደው ሥራውን ለሚስታቸው ሰጡ። አንዱ ጣዎስ፣ አንዱ ጽጌረዳ፣ አንዱ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ተሠራለት። የወይዘሮ ሰንበቴ እጅ ሲደክም ሴቶቹ መምህራን እንዲያግዙ ታዘዙ። የሒሳብ መምህርቷ በእረፍት ሰዓት ኪሮሽ ይዛ ስትታገል ያዩ ወንዶቹ፣ «ዛሬ ስንት ረድፍ ደረስሽ? ለኪቦርዱስ ቀሚስ የለውም?» እያሉ ያበግኗት ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ግን ክፍሉ ይከፈታል። ከቢሮ የመጣ፣ ከወረዳ የመጣ፣ ከሌላ ክልል ለልምድ ልውውጥ የመጣ እንግዳ ሁሉ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ይገባና በረድፍ የተቀመጡትን ነጫጭ ዳንቴሎች አይቶ ይደነቃል። «እንዴት ያለ አያያዝ ነው!» ይላል። ፎቶ ይነሳል። ጫማውን አድርጎ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ እንግዳ አንዱም ዳንቴል ገልጦ አላየም። ማን ይገልጣል? ሰው ቤት ገብቶ የሰው ዳንቴል የሚገልጥ ባለጌ ነው። አቶ ዋቅሹማ በዚህ ክፍል ምክንያት «በትምህርት ቴክኖሎጂ ንብረት አያያዝ አርአያ የሆኑ ርዕሰ መምህር» ተብለው የምስክር ወረቀት ተሸልመዋል። ወረቀቱ ቢሯቸው ውስጥ ከወንበራቸው በላይ ተሰቅሏል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአይሲቲ ትምህርት አልተቋረጠም። መምህሩ ይገረም የሚባል ወጣት ነበር፣ ቀልደኛ፣ ነገር ግን በትምህርቱ የማይቀልድ። ኮምፒውተሩን ሲከለክሉት በሰሌዳው ላይ ትልቅ ኪቦርድ ሳለ። ተማሪዎቹ ዴስካቸው ላይ በእርሳስ የየራሳቸውን ኪቦርድ ሠሩና እሱ «ኤ!» ሲል ሁሉም እንጨቱን ይጫናሉ። ለማውስ የሚሆን ሲያጣ የሳሙና ቁራጭ ላይ ክር አሰረ። ሳሙናው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም ይገፋዋል።

አንድ ቀን ሳሙናው ከሰዕዲያ እጅ አምልጦ ከዴስክ ሥር ገባ። ሰዕዲያ ከሆሞሻ መጥታ አሶሳ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት፤ የአፍ መፍቻዋ በርታኛ ነው።

«ቲቸር፣ ማውስ አመለጠ!» አለች። «ኢንተርኔት ውስጥ ገባ መሰለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አብራት የምትቀመጠው ሎዛ ግን አልሳቀችም። ሎዛ የአቶ ዋቅሹማ ልጅ ናት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከክፍሏም አንደኛ። ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ይህንንም ለማንም ደብቃ አታውቅም። ያን ሰሞን የዓመቱ ብሔራዊ ፈተና በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር እንደሚሰጥ ተነግሯቸው ነበር። ሎዛ ደግሞ የሳሙና ካልሆነ በስተቀር ማውስ በእጇ ይዛ አታውቅም።

ማታ እራት ላይ አባቷን ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ነገ ክፍሉን ክፈትልን።»

«የቱን ክፍል?»

«የኮምፒውተሩን ነዋ! ፈተናው በኮምፒውተር ነው ተብለናል። ልምምድ ያስፈልገናል።»

«መምህር ይገረም ያስተምራችሁ የለም?»

«በሳሙና!»

ወይዘሮ ሰንበቴ ሳቃቸው አመለጣቸውና ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ። አቶ ዋቅሹማ ግን አልሳቁም። ልጃቸውን ሲያቆላምጡ ኦሮምኛ ነው የሚቀናቸው።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አንቺን ባስገባ ሰው ምን ይላል? የዳይሬክተር ልጅ ስለሆነች ነው አይለኝም? እኔ አድልዎ አልወድም።»

«እኔን ብቻ አስገባኝ አላልኩህም። ሁላችንንም አስገባን።»

«ሁላችሁም ከገባችሁማ ይሰበራል።»

«ታዲያ መቼ ልንነካው ነው?»

«የፈተናው ቀን። ለዚያ ቀን ብዬ አይደል እንዴ እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኩት? ንጹሕ፣ አዲስ፣ ሰው ያልነካው ኮምፒውተር ላይ ትፈተናላችሁ። የትኛው ትምህርት ቤት ነው እንዲህ ያለው?»

ሎዛ እጇን ታጠበችና ተነሳች። «ልክ ነህ አባዬ። አድልዎማ የለብህም። ሁላችንንም እኩል አድርገኸናል፤ አንዳችንም አንችልም።»

አቶ ዋቅሹማ ይህን እንደ ምስጋና ሳይቆጥሩት አልቀሩም። በማግስቱ በመምህራን ስብሰባ ላይ «ልጄ እንኳ የእኔን ፍትሐዊነት መስክራለች» ብለው ተናገሩ።

በዚያው ስብሰባ ይገረም እጁን አወጣ።

«ርዕሰ መምህር፣ እነዚህ ልጆች ትምህርቱን ያውቁታል። ግን ቁልፉን ሲፈልጉ፣ ማውሱን ሲያባርሩ ሰዓቱ ያልቅባቸዋል። ከሰዓት በኋላ በፈረቃ ላለማምዳቸው።»

«ቢሰበርስ?»

«ይጠገናል።»

«ኮምፒውተሮቹ በማን ስም ነው የተመዘገቡት፣ መምህር ይገረም?»

«በእርስዎ።»

«ታዲያስ?»

«ልጆቹስ በማን ስም ነው የተመዘገቡት?»

የሒሳብ መምህርቷ ኪሮሿን አቆመች። አቶ ዋቅሹማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ይሄ ስሜታዊነት ነው» አሉ። «ቴክኖሎጂ በስሜት አይመራም፣ በአሠራር ነው የሚመራው።» ወዲያው «የኮምፒውተር አጠቃቀም ቅድመ ዝግጅት ዐቢይ ኮሚቴ» የሚባል አቋቋሙ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተወያየ። የውሳኔ ሐሳቡም በሩ ላይ ተጨማሪ ቁልፍ ይደረግ የሚል ሆነ።

ይገረም አንድ ጊዜ ደግሞ ቢሮ ድረስ ሄዶ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል። በክፍሉ የውጭ ግድግዳ ላይ የቀይ አፈር መስመር ከመሠረቱ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሲወጣ አይቷል። ምስጥ ነው። አሶሳ ኖሮ ምስጥን የማያውቅ የለም፤ አጥር በዚህ ክረምት ተተክሎ ለሚቀጥለው ክረምት አይደርስም፣ የበር መቃን ቀለሙ ብቻ ቆሞ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ወለሉንና ግድግዳውን መድኃኒት እናስረጭ አለ።

«ኬሚካል?» አሉ አቶ ዋቅሹማ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ኮምፒውተር አጠገብ ኬሚካል? አንተ ሰው፣ ይህን ክፍል ልታጠፋው ነው እንዴ የተላክኸው?»

«ቢያንስ ገብተን እንየው።»

«በየቀኑ አየዋለሁ እኮ! በሩን ከፍቼ አየዋለሁ። አንዲት ዳንቴል እንኳ ዝንፍ አላለችም።»

ይገረም ወጣ። ምን ያድርግ? ሰሌዳው ላይ ኪቦርዱን አደመቀው።

ግንቦት ላይ የሙከራ ፈተና ቀን ተቆረጠ። የማንጎ ሰፈር ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች በሙከራው ከሠሩ ተማሪዎቹ እዚያው ይፈተናሉ፣ እስከ ሐምሌም ይለማመዱባቸዋል። ካልሠሩ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ሄደው፣ አይተውት በማያውቁት ማሽን ላይ መቀመጣቸው ነው። ለሎዛ ይህ ቀን የቀራት የመጨረሻ ዕድል ነበር። ለመለማመድ ጊዜው አጭር ቢሆንም ይበቃኛል ብላለች፤ ክፍሉ አንዴ በሕግ ከተከፈተ አባቷ መልሰው ሊዘጉት አይችሉም ብላ ተስፋ አድርጋለች።

የትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ አስረሳሽ ከአንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር መጡ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ በባዶ እግር ጭቃ ላይ ተሰልፈዋል።

«ምነው ልጆቹ?» አሉ ወይዘሮ አስረሳሽ።

«ደንብ ነው» አሉ አቶ ዋቅሹማ በኩራት። «እርስዎም ቢሆኑ…»

«እኔ ካልሲዬ ተቀዷል አቶ ዋቅሹማ፤ አያዋርዱኝ።»

የላስቲክ ነጠላ ጫማ ቀረበላቸው። ቁልፎቹ ተንሿሹ፣ አንደኛው፣ ቀጥሎ ኮሚቴው ያስጨመረው። በሩ ተከፈተ። ነጫጩ ዳንቴል በረድፍ በረድፍ ተኝቷል። ወይዘሮ አስረሳሽ «ኧረ ደስ ሲል!» አሉ፣ እንደ ሌላው እንግዳ ሁሉ። ክፍሉ ግን የታረሰ ማሳ ይሸታል።

ሎዛና ሰዕዲያ ፊት ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ሎዛ የደረሳት ባለ ጣዎሱ ነበር። እናቷ ይህን ጣዎስ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጣ ክር ታቀብላቸው ነበር። የዳንቴሉን ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገች። አልመጣም። ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። ተላቀቀና መጣ፣ ጣዎሱ ከወገቡ በታች ተቆርጦ ቀርቶ። ከሥሩ ኮምፒውተር የሚመስል ቀይ ጉብታ ቆሟል። ስክሪኑ እስከ ግማሹ በእርጥብ አፈር ተለስኗል። የኪቦርዱ ፊደላት በአፈሩ መሐል እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብለዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮ አስረሳሽ።

«አቧራ ነው» አሉ አቶ ዋቅሹማ።

ሰዕዲያ አንገቷን አስግጋ አየች። «አቧራ ይሄዳል እንዴ?»

እውነትም ይሄድ ነበር። የተሸፈነበት ሲገለጥበት የተደናገጠው ምስጥ በስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይርመሰመሳል።

ሎዛ እጇን ልትዘረጋ ስትል ሰዕዲያ ያዘቻት። «ወላሂ አትንኪው ሎዛ፣ ሰው አለበት!»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ባለሙያው የሚቀጥለውን ገለጠ፣ ከዚያም የሚቀጥለውን። ጽጌረዳውም ያው፣ «እንኳን ደህና መጡ»ውም ያው። የአንዱን ጠረጴዛ ጠርዝ ሲደገፍ እግሩ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርክስ አለና ኮምፒውተሩ ከነዳንቴሉ ወለሉ ላይ ወደቀ። ምስጡ የጠረጴዛዎቹን እግር ከውስጥ በልቶ፣ ሽቦውን ልጦ፣ በዳንቴሉ ጥላ ሥር ማንም ሳያስቸግረው ከተማ ሠርቷል። ደህና ሆነው የተገኙት ከግድግዳው የራቁ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በእነሱ ፈተና አይሰጥም።

ወይዘሮ አስረሳሽ ነጠላ ጫማውን አወለቁ። «በቃ፣ እዚህ አይሆንም። ልጆቹ ሌላ ቦታ ይመደባሉ።»

አቶ ዋቅሹማ ሲጠብቋት የኖሩት ነገር ዓይናቸው ፊት ወድቃ እያዩዋት የተናገሩት ቃል ግን እስካሁን በሰፈራችን ይወራል። «ይቁጠሩልኝ» አሉ። «ሙሉ ናቸው። አንድም አልጎደለም። ሙሉ መሆናቸውን ብቻ ይፈርሙልኝ።»

ሎዛ የጣዎሱን ግማሽ በእጇ እንደያዘች አባቷን አየቻቸው። ዳንቴሉን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ጫማዋን ፍለጋ ወጣች።

የተረፉት ጥቂቶቹስ ለልምምድ አይሆኑም ነበር? ይገረም ይህንኑ ለመነ። አልተቻለም። ጉዳዩ እስኪጣራ ምንም ነገር ከቦታው እንዳይነቃነቅ ተብሎ ክፍሉ ታሸገ። አጣሪ ኮሚቴው እስከ ክረምት መጨረሻ አጣራ። ምስጡም እስከዚያው ጠበቃቸው ለማለት አልደፍርም።

ሎዛና ሰዕዲያ ሌላ መንገድ ፈለጉ። መናኸሪያው አጠገብ ትርሐስ የምትባል ሴት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ደንበኛ ሳይኖርና መብራት ሳይጠፋ ተገጣጥሞ ከተገኘ ልጆቹን ታስቀምጣቸዋለች። ሁለቱ ግን እምብዛም አይገጣጠሙም። ሎዛ የመጀመሪያ ቀን ማውሱን ስትይዝ እንደ ሳሙና ያመልጠኛል ብላ ጨምድዳ ያዘችው። ትርሐስ ሳቀች። «ቀስ በይ እህቴ፣ አንገቱን አታንቂው።» መብራቱ ሄደ። ያ ቀን በዚያው አለቀ።

ሐምሌ ደረሰ። የማንጎ ሰፈር ተማሪዎች ወደ ተመደቡበት ትምህርት ቤት ሄዱ። የኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ማንም ሳያዛቸው ጎንበስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«ምን ሆናችኋል?» አለ ፈታኙ። «ልትተኙ ነው የመጣችሁት?»

የሌላው ትምህርት ቤት ልጆች እየሳቁ፣ ከነጫማቸው፣ በአጠገባቸው አልፈው ገቡ።

ሎዛ ጥያቄዎቹን ታውቃቸዋለች። ያስለቀሳትም እሱ ነው። ባዮሎጂውን ስታነብ መልሱ አፏ ላይ ነበር። ነገር ግን የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ አትቆምም፤ ሀ ላይ ልትጫን ስትል ለ ላይ ትሄዳለች። አንዴ ምን እንደነካች ሳታውቅ ገጹ ጠፋባት፤ እጇን አውጥታ ፈታኙ እስኪመጣ ጠበቀች። እሱም አስተካክሎላት «ቶሎ ቶሎ በይ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» ብሏት አለፈ። አጠገቧ ያለው ልጅ ሳያይ ነበር ኪቦርዱን የሚነካው። ጊዜው አልቆ ስክሪኑ ሲዘጋ ሎዛ ያልደረሰችባቸው ጥያቄዎች ገና ነበሩ። ወጥታ ጫማዋን ስታደርግ ማሰሪያውን ማሰር አቃታት። ሰዕዲያ ተንበርክካ አሰረችላት።

ውጤቱ መስከረም ላይ ወጣ። ሎዛ ለጥቂት አላለፈችም። ሰዕዲያም አላለፈችም፤ ዕቃዋን ሰብስባ ሆሞሻ፣ እናቷ የሚነግዱበት ገበያ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን የአጣሪ ኮሚቴውም ውጤት ወጣ። ንብረቱ በቁጥር ሙሉ ሆኖ ስለተገኘና ጉዳቱ የተፈጥሮ አደጋ ስለሆነ ርዕሰ መምህሩን የሚያስጠይቅ ነገር የለም የሚል ነው። አቶ ዋቅሹማ አለፉ።

ወይዘሮ ሰንበቴ የሎዛ ውጤት የመጣ ቀን ኪሮሻቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው የሄደ ሰው ቴሌቪዥኑን ባዶውን ነው የሚያየው።

ሎዛ በሚቀጥለው ዓመት በግል ለመፈተን ተመዘገበች። እስከዚያ ትርሐስ ጋ ተቀጠረች። የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሰው መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች። በጥቂት ጊዜ ጣቶቿ ተፈቱ። አሁን ደንበኛ እያናገረች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ትጽፋለች።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ያ የቁልፍ ድምፅ ወደ ትርሐስ ቤት መጣ። አቶ ዋቅሹማ በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወሊድ ላይ ናት፣ ሪፖርቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ላይ ይፈለጋል።

«ሎዛ፣ ይቺን ቶሎ ታይፕ አድርጊልኝ።»

«ጽሕፈትህ አይነበብም አባዬ። አንተ አንብብልኝ፣ እኔ ልጻፍ።»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው። አቶ ዋቅሹማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ርዕስ። ዘመናዊ ቴክኖሎጂን በትምህርት ውስጥ በማስፋፋት ረገድ የርዕሰ መምህሩ ሚና።»

የሎዛ ጣቶች ተንጣጡ። «እሺ።»

«በተጠናቀቀው ዓመት በርዕሰ መምህሩ ጠንካራ ክትትል…»

«እሺ።»

«…የተማሪዎች የኮምፒውተር አጠቃቀም ክህሎት በከፍተኛ ደረጃ ተሻሽሏል።»

የጣቶቹ ድምፅ ቆመ።

«የማን ተሻሻለ?»

«ዝም ብለሽ ጻፊ እንጂ፤ ሪፖርት እኮ ነው።»

«የእኔ ነው? የሰዕዲያ ነው?»

አንድ ሽማግሌ መታወቂያቸውን ለኮፒ ይዘው ቆመዋል። «ምን አለች?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ። ትርሐስ ከኮፒ ማሽኑ ኋላ ቀና ብላ አየች።

ሎዛ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። አልጮኸችም። «ና አባዬ። ቁጭ በልና አንተ ጻፈው።»

«እኔ?»

«አዎ። የርዕሰ መምህሩ ሚና አይደል የሚለው?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት…»

«ጋሼ፣ ይቀመጡና ይጨርሱ» አለ ከወረፋው አንዱ። «መብራት ሳይሄድ የእኛም እንዲደርስ።»

አቶ ዋቅሹማ ዙሪያቸውን አዩ። መውጣት ይችሉ ነበር፤ ሪፖርቱ ግን ይፈለጋል። ተቀመጡ። መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጣታቸውን ጠረጉ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ሳያስቡት ይሁን አስበው፣ አንዱን ጫማቸውን በሌላው ተረከዝ ገፍተው አወለቁ። ሽማግሌው ይህንን አይተው፣ ማሽኑ ያስፈራል እንዴ በሚል መታወቂያቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

አቶ ዋቅሹማ ኪቦርዱ ላይ አጎነበሱ። ዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«አማርኛው የት አለ?» አሉ በቀስታ።

«እዚያው ነው» አለች ሎዛ። «ፈልገው።»

ጣታቸውን አነሱ። አንዷን ቁልፍ ሊነኩ ዝቅ አሉ፣ መልሰው ከፍ አደረጉት። በቀበቷቸው ላይ ያሉት ቁልፎች ወንበሩን እየመቱ ሽክሽክ አሉ። ሎዛ እጆቿን አጣምራ፣ ያ ፈታኝ እንደቆመው ከኋላቸው ቆመች።

«ቶሎ ቶሎ በል አባዬ» አለች። «ሰዓት እየሄደ ነው።»

የአቶ ዋቅሹማ ጣት አየር ላይ እንዳለች ነበረች።